ስድስት ሱቅ ወይስ አንድ የመኪና ማሳያ?

ስልኩ የተደወለልኝ ኢታንግ፣ ባሮ ዳር ቆሜ ነው። ለሌላ ሥራ ሄጄ ነበር። ደዋይዋ አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። «አንድ ነገር ላማክርሽ» አለችኝ። «አንድ የመኪና ነጋዴ መጥቶ ስድስቱንም ሱቅ ልከራይ እያለ ነው። መሀል ያሉትን ግድግዳዎች አፍርሶ፣ ፊቱን መስተዋት አድርጎ መኪና ሊያሳይበት። የሁለት ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይከፍላል። እማዬ ግን አልፈርምም አለች።»

ስድስቱን ሱቆች አውቃቸዋለሁ። የሟች አጎቴ የዕድሜ ልክ ልፋት ናቸው። ልብስ ሰፊ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ ሉካንዳ፣ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ የጽሕፈት መሣሪያና ስልክ ጠጋኝ በተርታ ተደርድረውበታል። አክስቴ በየማለዳው ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሳይሳለማት አያልፍም።

እርስዎም በዋና መንገድ ዳር የውርስ ሱቅ ወይም ትንሽ ሕንፃ ካለዎት ይህ ጥያቄ ነገ ደጅዎን ሊያንኳኳ ይችላል። ቦሌን ወይም ሃያ ሁለትን በእግርዎ ይሂዱባቸው፤ ከመስተዋት ኋላ የተደረደሩ መኪኖች ያያሉ። የመኪና ነጋዴ ሂሳብ ከልብስ ሰፊ ሂሳብ ጋር አይገናኝም። የአንዲት መኪና ትርፍ የወራት ኪራይ ሊሸፍን ይችላል፤ ልብስ ሰፊው ግን ኪራዩን የሚያገኘው ከዚፕ ቅያሪና ከሱሪ ማሳጠር ነው። ስለዚህ በጨረታ ቢወዳደሩ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። የአክስቴ ልጆች ልባቸው ቢሸፍት አልፈርድባቸውም።

ነገር ግን ያንን ትልቅ ኪራይ የሚያመጣው ንግድ በመንግሥት ውሳኔ የሚነሳና የሚወድቅ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ ያገለገለ መኪና ያስመጡ የነበሩ ሰዎች ሂሳባቸው ተናጋ። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2016፣ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጡ አዳዲስ ነጋዴዎች ብቅ አሉ። የቀጣዩን ውሳኔ ማን ያውቃል? ልብስ ሰፊውን ግን አንድ አዋጅ በአንድ ሌሊት ሥራ አያስፈታውም። ከስድስት ተከራይ አንዱ ቢወጣ ከገቢዎ አንድ ስድስተኛው ይጎድላል፤ አንድ የነበረው ከወጣ ግን እጅዎ ላይ የሚቀረው ግድግዳ የሌለው አዳራሽ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ለማስረዳት አልሞከርኩም። «ማታ እደውልልሻለሁ» አልኳትና ወንዙን ማየቴን ቀጠልኩ። ከቆምኩበት ቦታ ጋር የተያያዘ አንድ አሮጌ የኪራይ ውል ትዝ አለኝ።

አፄ ምኒልክ ግንቦት 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ውስጥ ኢታንግ በስሟ ተጠቅሳለች። አራተኛው አንቀጽ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በባሮ ዳር፣ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲከራይ ይፈቅዳል። መሬቱ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለንግድ እንጂ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተጽፏል። የኪራዩ ዘመን ደግሞ በዓመት አልተቆጠረም፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው የሚጸናው። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ከካርቱም እንፋሎት መርከቦች ይመጡ ነበር፤ ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በውሉ የተቀመጠው ሁኔታ አበቃ፤ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እስቲ ያስቡት። ያከራዩት ከዚያ ዘመን ኃያል መንግሥት ጋር ተዋውለው ነው። ስንት ሜትር፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ የሚሉት ሦስቱም ነገሮች ግን በወረቀት ላይ ነበሩ። በእኛ ሰፈር ሱቅ ሲከራይ በውሉ ላይ በደንብ የሚጻፈው የብሩ መጠን ብቻ ነው።

ማታ ስደውል የአክስቴን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ እናቷ ነው። ውርሱ ገና አልተከፋፈለም፤ ባለቤቶቹ እናትና ሦስት ልጆች ናቸው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ንብረትን ለመሸጥ ወይም የተመደበበትን አገልግሎት ለመለወጥ የሁሉም የጋራ ባለቤቶች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአክስቴ «አልፈርምም» የሽማግሌ ግትርነት አይደለም፤ በሕግ ዋጋ ያለው ቃል ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ደነገጡ። ከመሬት ይዞታው ጋር የተያያዘው የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድና የግንባታ ፈቃድ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ብር ከመቀበልዎ በፊት ክፍለ ከተማ ሄደው ይጠይቁ።

ከዚያ ስለ ግድግዳው አወራን። የሚፈርሰው ክፍልፋይ ነው ወይስ ጣሪያውን የተሸከመ? ይህን የሚመልሰው መሐንዲስ እንጂ ደላላ አይደለም። መልሶ የሚገነባውስ ማን ነው? «ሲወጣ ይገነባል» የሚል ቃል አይበቃም፤ የመገንቢያው ዋጋ ተገምቶ ከኪራዩ ተለይቶ በመያዣ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ሊደረግ ከሆነ ስሪ ፌዝ ሊፈለግ ይችላል፤ የማስገቢያውን ወጪ ማን ይችላል? ቆጣሪው በማን ስም ይሆናል? መኪኖቹ ሲገቡና ሲወጡ በእግረኛ መንገዱ ላይ ነው የሚያልፉት፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ በየት ይሄዳል? ከሸቀጣ ሸቀጡ ሱቅ ስኳር ግዛ ተብሎ የሚላክ ልጅስ ዋናውን መንገድ ሊሻገር ነው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የአክስቴ ልጅ ራሷ ነች ያነሳችው፤ የስምንት ዓመት ልጅ አላት።

የሁለት ዓመቱን ቅድሚያ ክፍያም እንድትፈራው ነገርኳት። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሲገባ የአንዱ ልጅ ሠርግና የሌላው ኮንዶሚኒየም ይበላዋል፤ የኪራይ ገቢ ግብሩ ግን በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ድርድሩ ሁለት ወር ፈጀ። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀድሞ ሁሉን እሺ የሚለው ሰው አጋጥሞት ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ አራቱን ሱቆች ወሰደ፣ ልብስ ሰፊውና ሸቀጣ ሸቀጡ ቀሩ። ፀጉር ቤቷና ሉካንዳው ከመውጣታቸው በፊት ስድስት ወር ተሰጣቸው፤ የጽሕፈት መሣሪያው ባለቤት ግን ተቀይሞ በወሩ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ሰላም አይልም። ስልክ ጠጋኙ ከልብስ ሰፊው ጋር ተዳብሎ አንድ ጠረጴዛ ያዘ። ቅድሚያው ወደ ስድስት ወር ወረደ። ውሉ ላይም የምኒልክን የመሰለ አንድ አንቀጽ ገባ። የመኪና ማስመጫ ሕግ ተለውጦ ነጋዴው ሥራውን ቢያቆም ኪራዩ በሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ያበቃል፤ ግድግዳዎቹም በመያዣው ገንዘብ ይሠራሉ።

ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር። አክስቴ ወንበሯ ላይ ናት፤ ከጎኗ ነጭ መኪና በመስተዋት ውስጥ ያብረቀርቃል። አንድ ወጣት ሻጭ ወጥቶ «እማማ፣ ይግቡና ወንበሩን ይሞክሩት እንጂ» አላት። ገባች፤ ተቀመጠች፤ መሪውን ነካካችው። ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና «ሲኒው የት ይቀመጣል?» አለችው።