ገበሬን በሬው ሳይሸጥ ስለ መርዳት

ለተራበ ማብላት፤ ለታረዘ ማልበስ በኢትዮጵያ ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። በጎጃም ደጋ፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ባለችው በአምበርና በዙሪያዋ፤ በማኅበር፤ በሰንበቴና በተዝካር ቀን ድኻን አብልቶ መሸኘት የታወቀ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ለሹማምንትና ለባለጸጎች የሚያስፈልጋቸው ምክር ስጡ የሚል አይዶለም። የሚያስፈልገው ምክር፤ የሚሰጠው ነገር መቼና እንዴት ቢሰጥ ችግርን እንዲያርቅ የሚያመለክት ነው።

የገበሬ ድኽነት እንደ መሰላል ደረጃ አለው። ዝናብ ያጠረበት ወይም በረዶ አዝመራውን የመታበት ሰው አስቀድሞ በጉንና ፍየሉን ይሸጣል፤ ቀጥሎ ላሙን፤ ከዚያም ለዘር ያኖረውን እህል ይበላል፤ በመጨረሻ የሚያርስበትን በሬ ወደ ገበያ ይነዳል። በዚያን ጊዜ ሻጩ ብዙ ስለ ሆነ የከብት ዋጋ ይረክሳል፤ እህል ግን ይወደዳል። በሬውን የሸጠ ሰው በሚመጣው ዓመት ዝናቡ መልካም ቢሆን እንኳ መሬቱን ለባለ በሬ የእኩል ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል፤ የዚያ ዓመት ችግርም ለልጆቹ ይተርፋል። በሬው ሳይሸጥ የተረዳ ግን በመኸሩ ራሱን ይችላል። ስለዚህ ዘግይቶ ከሚከፈት ጎተራ አስቀድሞ የሚሰፈር ቁና ይበልጣል።

ለዚህ ያለፈው ዘመን ምስክር ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ስለ ጠፋ መሬቱ ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት፤ ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ፤ ያም ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። ዳግማዊ ምኒልክ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው እየቆፈሩ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ምሳሌ ሆኑ። ይኸውም መሬቱ ካልታረሰ በቀር ምጽዋት ብቻውን ሕዝብን እንደማያድን የሚያሳይ ነው።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠ። የሕንድ ተወላጅ የሆኑት የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፤ በዚያ ዓመት የመላው ኢትዮጵያ ምርት እጅግ አልጎደለም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ብዙ አልወጣም። ሕዝቡ ያለቀው እህል ከአገር ስለ ጠፋ ሳይሆን፤ አዝመራው ጠፍቶበት፤ ከብቱም ረክሶበት፤ መግዣ ስላጣ ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ የተጫነ እህል ነበረ። እንግዲህ በገበያ እህል ሳለ ለችግረኛው ገንዘብ መስጠት ይበቃል፤ እህል ካነሰም ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ከመጠበቅ እንደ ጎጃም ካለ ከጠገበ ጎረቤት መግዛት ይሻላል። እንዲህ ቢሆን የተራበው ይድናል፤ የአምበርም ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን በሚገባው ዋጋ ይሸጣል።

ከዚህ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የሚመጣውን ረኃብ ለለጋሾች መንግሥታት አስታወቀ፤ ዳሩ ግን የሰማው ጥቂት ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ወጪ አከበረ። የዓለም ልብ የተነሣው የረኃብተኞቹ ሥዕል በጥቅምት በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ገበሬ የሚያርስበትና የሚዘራበት ነበረ። ልግስናው ብዙ ሆኖ ሳለ፤ ክረምቱ ግን አልፎ ነበረ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ይህን ለማረም የታሰበ ነው። ችግረኞቹ አስቀድመው ተመዝግበው፤ በታወቁት ወራት ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላሉ፤ አቅም ያለው እርከን ይሠራል፤ መንገድ ይጠርጋል፤ ሽማግሌና ደካማ ያለ ሥራ ይረዳል።

አንዳንድ ሹም፤ አስቀድሞ ቢሰጥ ሕዝቡ ይሰንፋል፤ ረኃቡም ቢቀር ወጪው ከንቱ ይሆናል ይላል። ነገር ግን በብድር የተሰጠ ዘር መኸሩ ሲያምር ወደ ጎተራው ይመለሳል፤ የተሸጠ በሬ ግን አይመለስም። በከንቱ የወጣ ጥቂት ኩንታልና የጠፋ አንድ አራሽ ቢመዘኑ የሁለተኛው ጉዳት ይከብዳል።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ከነሐሴ ጀምረው ገበያቸውን ይመርምሩ። አንድ በሬ ስንት ኩንታል እህል እንደሚገዛ በየሳምንቱ ቢጻፍ፤ ልኩ እየወረደ ሲሄድ ረኃብ በመንገድ መሆኑ ይታወቃል። ለዚህ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። የሚረዱት ሰዎች ስምና የሚሰጣቸውም ልክ በሕዝብ ፊት ይነበብ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፤ ለችግረኛ የመጣ እህል ወደ ሌላ እጅ መሄዱ ስለ ተገኘ፤ በመላው ኢትዮጵያ የእህል ርዳታቸውን ለወራት አቋርጠው ነበረ። ጥፋቱ የሌባው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በረኃብተኛው ላይ ወደቀ።

ዮሴፍ በግብፅ የተመሰገነው በረኃቡ ዘመን ስላከፋፈለ ብቻ አይዶለም፤ በጥጋቡ ዘመን ስላሰበ ነው። ባለጸጋም ለነፍሱ የሚመጸውት እንደ ሆነ፤ ለማኝ ከደጁ እስኪቆም አይጠብቅ። ጎረቤቱ በሬውን ወደ ገበያ ሲነዳ ያየ ቀን በመንገድ ያግኘው፤ የሚበላውንም ሰጥቶ ከነበሬው ይመልሰው።