የሊጉ መስፋፋት እና የከተማ ስታዲየሞች ወጪ፤ ማን ይከፍላል?

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመንን የተሳታፊ ክለቦቹን ቁጥር ከ16 በላይ አሳድጎ ጀምሯል። ለጭማሪው ምክንያት የሆነው በጦርነቱ ሳቢያ ከውድድር ርቀው የቆዩት መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ እና ስሑል ሽረ ወደ ሊጉ መመለሳቸው ነው። የክለቦቹ መመለስ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም እንዳለው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ የክለቦች ቁጥር ሲጨምር የሊጉን ጨዋታ በተሟላ ሁኔታ ማስተናገድ የሚችሉ ሜዳዎች ቁጥር በዚያው ልክ አልጨመረም። ክለቦቹ ውድድራቸውን ያደረጉት በየሜዳቸው ሳይሆን በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰባሰቡ ነው።

ይህ አሠራር የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አዲስ የተቋቋመው የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከሱፐርስፖርት ጋር ባደረገው የአምስት ዓመት ስምምነት የሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። ወቅቱ የኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ስለነበር ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው እንዲጫወቱ ተወሰነ፤ ውድድሩም በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ እና በሀዋሳ በዙር ተካሄደ። ወረርሽኙ አለፈ፤ አሠራሩ ግን ቀረ። የቀጥታ ሥርጭት የካሜራ ቦታ፣ በቂ መብራት፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ እና የተስተካከለ ሜዳ ይፈልጋል። እነዚህን አንድ ላይ ማቅረብ የቻሉት ከተሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ነገር የሊጉ መደበኛ ገጽታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በቴሌቪዥን ለሚመለከተው ሕዝብ ለውጡ ብዙ መልካም ጎን አለው። ለከተማ አስተዳደሮች ግን ያልተጠበቀ ወጪ ይዞ መጥቷል። ከሊጉ ክለቦች መካከል አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ ወይም በዞን አስተዳደር አሊያም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ እና አርባ ምንጭ ከተማ ከስማቸው እንደሚታወቀው የከተሞቻቸው ክለቦች ናቸው። ንግድ ባንክ፣ መቻል፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ እና ኢትዮጵያ መድን ደግሞ ተቋማት ከጀርባቸው አሏቸው። እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ እና ኢትዮጵያ ቡና በደጋፊና በአባላት ላይ ጉልህ ድርሻ የጣለ አደረጃጀት ያላቸው ክለቦች ጥቂት ናቸው። የከተማ ክለብ በሌላ ከተማ ለሳምንታት ሲሰነብት የተጫዋቾችና የአሠልጣኞች ሆቴል፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት እና የልምምድ ሜዳ ኪራይ የሚከፈለው መንገድ፣ ውኃ እና ጽዳት ከሚሸፈንበት ከዚያው የከተማ ካዝና ነው።

በሌላ በኩል የከተማው ስታዲየም ባዶውን ይሰነብታል። ጨዋታ በሌለበት የመግቢያ ትኬት ገቢ የለም፤ በሜዳው ዙሪያ ማስታወቂያ የሚሰቅል ድርጅት አይመጣም፤ በጨዋታ ቀን ቆሎና ውኃ የሚሸጠው ወጣትም ሆነ በአቅራቢያው ያለው ምግብ ቤት ገበያ ያጣል። ገቢ የማያስገባ ስታዲየም ለጥገና በጀት ሲጠይቅ ሰሚ አያገኝም፤ ያልተጠገነው ስታዲየም ደግሞ የሊጉን ጨዋታ ለማስተናገድ ብቁ አይሆንም። ክለቡም እንደገና ወደ ሌላ ከተማ ይጓዛል። የችግሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ከተሞች ለእግር ኳስ ገንዘብ አያወጡም ማለት አይቻልም፤ ያወጣሉ። ገንዘቡ የሚሄደው ግን ለደመወዝ፣ ለፊርማና ለሆቴል እንጂ በከተማው ውስጥ ለሚቀር ንብረት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት ይህ ዓይነቱ ወጪ ከአቅም በላይ እየሆነ በመምጣቱ ነበር፤ ጣሪያው ግን ጸንቶ አልቆየም።

የስታዲየም ጉድለት የሚያስከፍለው ዋጋ በግልጽ የታየው በብሔራዊ ቡድኑ ላይ ነው። ዋሊያዎቹ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን ካስተናገዱ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙን ከመስፈርት በታች ሆኖ ስላገኘው ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ አገደ። ቀጣዩ «የሜዳ» ጨዋታ ከጋና ጋር ኅዳር 2 ቀን የተካሄደው በጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ደስታው የተገለጸው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር። ከዚያ በኋላም ሞሮኮ፣ ሞዛምቢክ እና ታንዛኒያ ለኢትዮጵያ «የሜዳ» ጨዋታዎች አስተናጋጅ ሆነዋል። ለእንዲህ ያለው ጉዞ የአውሮፕላን፣ የሆቴል እና የሜዳ ኪራይ ወጪ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ ከትኬት ሊገኝ የሚችለው ገቢም ይቀራል። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣች፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን ደግማ ደጋግማ ያስተናገደች አገር እዚህ ላይ መድረሷ ቅር የሚያሰኝ ነው። በካታንጋም ሆነ በሚስማር ተራ ተቀምጦ ያደገ ተመልካች ይህን ለመረዳት የካፍን ሪፖርት ማንበብ አያስፈልገውም።

ካፍ የሚጠይቀው ነገር በአብዛኛው ግዙፍነትን አይመለከትም። ቁጥር ያለው የግል መቀመጫ፣ የተሟላ የመልበሻ ክፍልና የመታጠቢያ አገልግሎት፣ የሕክምናና የአበረታች ቅመም መመርመሪያ ክፍል፣ ለምሽት ጨዋታ የሚበቃ መብራት፣ ለጋዜጠኞች የሥራ ቦታ፣ ሥርዓት ያለው መግቢያና መውጫ፣ ከሁሉም በላይ ደረጃውን የጠበቀ የመጫወቻ ሣር ናቸው። ባለፉት ዓመታት በክልል ከተሞች የተጀመሩ ስታዲየሞች ግን ብዙዎቹ ከ30 ሺህ እስከ 60 ሺህ ተመልካች እንዲይዙ ታስበው የተጀመሩ ናቸው። የኮንክሪቱ አካል ቆሞ በዓል ይከበርበታል፤ ስብሰባ ይካሄድበታል፤ ጨዋታም ይደረግበታል። የቀረው ወንበር፣ ጣሪያ፣ መብራት እና የመልበሻ ክፍል ነው። የግንባታ ባለሙያዎች «ማጠናቀቂያ» የሚሉት ይህ ክፍል ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ በገንዘብ ሲተመን ግን ከመዋቅሩ ሊበልጥ ይችላል። የአደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲየም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው ይህ ስታዲየም የመጀመሪያው ምዕራፍ ውል ከ2 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. የተፈረመው የሁለተኛው ምዕራፍ ውል ግን ከ5 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ብር አልፏል።

ይህን አኃዝ ከሊጉ ገቢ ጋር ማነጻጸር የጉዳዩን ስፋት ያሳያል። ከሱፐርስፖርት ጋር የተፈረመው የአምስት ዓመት ስምምነት አጠቃላይ ዋጋ 22 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዓመት ሲሰላ 4 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ አንድ ሳንቲም ሳይቀነስ ለ16 ክለቦች እኩል ቢከፋፈል እንኳ ለአንድ ክለብ የሚደርሰው በዓመት 280 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የአደይ አበባ ሁለተኛ ምዕራፍ ብቻውን፣ ውሉ በተፈረመበት ጊዜ በነበረው የምንዛሪ ተመን፣ ከመላው የአምስት ዓመት የሥርጭት ስምምነት ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቀላል ነው፦ የሥርጭት ገቢ ለክለቦች ጠቃሚ ድጎማ ሊሆን ይችላል እንጂ ስታዲየም አይሠራም። በሌሎች አገሮች የሚታየውን «ቴሌቪዥን ይከፍለዋል» የሚለውን ተስፋ ወደዚህ ማምጣት አያዛልቅም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ጫና ተጨምሯል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ አድጓል። የስታዲየም ወንበር፣ ሰው ሠራሽ ሣር፣ የመብራት ፓውዛ እና የውጤት ማሳያ ሰሌዳ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሲሚንቶና አሸዋ በሚበዛበት ምዕራፍ ላይ የነበሩ ግንባታዎች ጭማሪውን በመጠኑ ሊሸከሙት ይችሉ ይሆናል፤ ማጠናቀቂያ ላይ የደረሱት ግን ጫናው በሙሉ ክብደቱ አርፎባቸዋል። ከብዙ ዓመት በፊት በጸደቀ በጀት ዛሬ ወንበር መግዛት እንደማይቻል ለማንም ግልጽ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከፊፋ ለአባል ፌዴሬሽኖች የሚሰጠው የልማት ድጋፍ አንዱ ምንጭ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2023 እስከ 2026 ባለው ዙር አንድ ፌዴሬሽን በመርሐ ግብሩ ለፕሮጀክቶች ማግኘት የሚችለው እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ነው። መጠኑ ለአንድ ትልቅ ስታዲየም አይበቃም፤ ለመጫወቻና ለመለማመጃ ሜዳዎች ግን ፋይዳ አለው። ሁለተኛው ምንጭ ስታዲየሙ ራሱ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያውን በሱቆችና በመዝናኛ ቤቶች ተከቦ ለዓመታት የኪራይ ገቢ ሲያስገኝ የቆየ ነው፤ አዳዲሶቹ ስታዲየሞች በብዛት ይህን ሐሳብ በዲዛይናቸው አላካተቱም፤ ካካተቱትም ውስጥ ከከተማው መሀል ርቀው በመሠራታቸው ተከራይ የማያገኙ አሉ። ሦስተኛው የሕዝብ መዋጮ ነው። ሕዝቡ ለስታዲየም ግንባታ ከደመወዙ ሲያዋጣ፣ ነጋዴውም ቃል ሲገባ ኖሯል። ይህ ምንጭ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ መዋጮ አንዴ ተሰብስቦ ግንባታው ከቆመ በሚቀጥለው ጥሪ ላይ የሚነሣው እጅ ያንሳል።

ከገንዘብ ምንጩ እኩል የሚያስፈልገው ግን መጠንን መወሰን ነው። የአንድ ክልል ከተማ ክለብ በሜዳው ለመጫወት 50 ሺህ መቀመጫ አያስፈልገውም። ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ተመልካች የሚይዝ፣ ነገር ግን ወንበሩ፣ መብራቱ፣ መልበሻ ክፍሉና ሣሩ የተሟላ ሜዳ ቢኖረው ክለቡን ወደ ከተማው ይመልሰዋል። ግንባታቸው ለተጀመሩ ግዙፍ ስታዲየሞችም ቢሆን አንዱን ወገን በሙሉ አጠናቅቆ ሥራ ማስጀመር፣ አራቱንም ወገን በከፊል ሠርቶ ከማቆም ይሻላል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ የኅብረተሰቡን ተሳትፎ ማስፋት ዋና ዓላማው ያደረገ መሆኑም እዚህ ላይ መታወስ አለበት። ከሊጉ ጨዋታ ውጪ ባሉት ቀናት ለትምህርት ቤቶች፣ ለሴቶች ቡድኖችና ለጤና ስፖርት ማኅበራት የተዘጋ ስታዲየም ከፖሊሲው ጋር አይጣጣምም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ኢትዮጵያ የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ ያላት ፍላጎት በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተገልጿል። በ2016 ዓ.ም. ኮትዲቯር ያስተናገደችው የ24 ቡድኖች ውድድር በአምስት ከተሞች 6 ስታዲየሞችን ጠይቋል። ኢትዮጵያ የ2020ን የቻን ውድድር እንድታስተናግድ ተመርጣ በዝግጅት መጓደል ዕድሉ ወደ ካሜሩን መዞሩ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። እንዲህ ያለው ዕቅድ ያልተጠናቀቁ ስታዲየሞችን ለመጨረስ የሚያስችል ግፊት ሊፈጥር ይችላል። አደጋውም አለ፤ ለአንድ ወር ውድድር በሚሠሩ ጥቂት ትላልቅ ስታዲየሞች ላይ በጀቱ ሁሉ ቢውል፣ በየሳምንቱ የሚጫወቱት የሊጉ ክለቦች ከጥያቄያቸው ጋር ይቀራሉ። ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ዕቅድ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው።

በከተማቸው የስታዲየም ግንባታ ያላቸው ነዋሪዎች ስለ ጉዳዩ መረጃ የመጠየቅ መብት አላቸው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲያገኝ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። መልስ የሚሰጥበት ጊዜም ከ30 ቀናት መብለጥ የለበትም። የግንባታው ውል ዋጋ፣ እስካሁን የተከፈለው መጠን፣ ከሕዝብ የተሰበሰበው መዋጮ እና ለዓመታዊ ጥገና የተያዘው በጀት በዚህ መንገድ ሊጠየቁ የሚችሉ ናቸው። የክለቡ ዓመታዊ በጀት ከከተማው በጀት ጋር ለምክር ቤት በሚቀርብበት ጊዜም ለሆቴልና ለጉዞ የተመደበው ከሜዳው ጥገና ጋር ጎን ለጎን ሊታይ ይችላል። ለስታዲየም ግንባታ መዋጮ የሚከፍል ግለሰብም ሆነ ድርጅት ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ይኖርበታል። የመረጃ ጥያቄው የተከለከለበት ነዋሪ አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።