ሊጥ አቡኪዋና ዳቦ ጠባቂው

«ሎርድ» ሲባል ምን ይታያችኋል? ካባ፣ ሠረገላ፣ ሰፊ ግቢ... አይደል? እስቲ ካባውን እንግፈፈውና ቃሉን እንየው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ህላፍዌርድ» ነበር፤ ዳቦ ጠባቂ ማለት ነው። «ሌዲ» ደግሞ ከ«ህላፍዲዬ» የመጣች ናት፤ ሊጥ አቡኪ! ቤታቸው የሚያድረው አገልጋይስ? እሱ «ዳቦ በላ» ይባል ነበር። በቃ፣ የዚያ ሁሉ ክብር ሥሩ ጓዳ ውስጥ ነው።

በትርጉሙ አልስቅም። ሰው ከማብላት የበለጠ ምን ጌትነት አለ? የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ዳቦው ያለ አቡኪዋ ካልተጋገረ፣ ውርሱ እንዴት የጠባቂው ወንድ ልጅ ብቻ ሆነ?

ማርጋሬት ሄግ ቶማስን ውሰዱ። አባቷ ቪስካውንት ሮንዳ እ.ኤ.አ. በ1918 ሲሞት አንድያ ልጁ እሷ ነበረችና ማዕረጉ በልዩ ፈቃድ ለእሷ ተላለፈ። ማዕረጉን ሰጧት፣ ወንበሩን ግን ከለከሏት! በ1919 የወጣውን፣ ሴትነት ለሕዝብ ሥራ እንቅፋት እንዳይሆን የሚደነግገውን ሕግ ጠቅሳ ተከራከረች። የሎርዶች ምክር ቤት በ1922 «አይሆንም» አላት። የዕድሜ ልክ ማዕረግ የሚሰጣቸው ሴቶች እንዲገቡ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1958 ነው፤ እሷም በዚያው ዓመት አረፈች። ማዕረግ የወረሱ ሴቶች የተፈቀደላቸው ደግሞ በ1963 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ማዕረጉን ይዛ አንድም ቀን አልተቀመጠችም።

«ያለፈ ታሪክ ነው» የሚል አይጠፋም። አላለፈም! በ2013 የወጣው ሕግ ከኦክቶበር 28 ቀን 2011 በኋላ የተወለደች የበኩር ልጅ ከታናሽ ወንድሟ ቀድማ ዙፋን እንድትወርስ ፈቅዷል። የመኳንንቱን ማዕረግ ግን አልነካውም። ስለዚህ አብዛኛው የዘር ማዕረግ ዛሬም የወንድ ነው። የኧርል የበኩር ሴት ልጅ ታናሽ ወንድሟ ይቀድማታል፤ ወንድም ከሌላት የአጎቷ ልጅ መጥቶ ይወስደዋል። ዘውዱን ለመጫን የማያንስ የሴት ራስ ለአባቷ ማዕረግ ሲሆን አነሰ ማለት ነው?

«ወጋችን ነው» ይላሉ። ወግ ከሆነማ ከሥሩ ይያዝ! ዳቦውን የጠበቀና ሊጡን ያቦካች እኩል ይውረሱ፤ ካልሆነ ማንም አይውረስ። ሳይጠብቅና ሳያቦካ፣ ወንድ ሆኖ በመወለዱ ብቻ የሚወርሰው ሰው ግን በጥንቱ ቋንቋ ስሙ ሎርድ አይደለም።

ዳቦ በላ ነው።