እንገጣጥም ወይስ የተገጣጠመ እንግዛ?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥቶ ምክር ጠየቀኝ። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ በትርፍ ጊዜ ሠርቶ ያገኘውን ገንዘብ አጠራቅሟል፤ በዚያም ለጌም መጫወቻ ብቻ ሳይሆን ለጌም መሥሪያም የሚሆነው ጠንካራ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለማግኘት አስቧል። «ጋሼ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቼ ራሴ ልገጣጥመው ወይስ ተገጣጥሞ ያለቀውን ልግዛ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ምክንያቱም ይህ የአንድ ወጣት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ አገራችንም በልብሱ፣ በመኪናውና በተርባይኑ ስትጠይቀውና ስትመልሰው የኖረች ጥያቄ ነው።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ያደላው ወደ መገጣጠሙ ነበር። በየመድረኩ ስለ ራስን መቻል ስሰብክ የኖርኩ ሰው ነኝና «ያለቀውን ግዛ» ማለት አሳፈረኝ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችንም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ራስህ ብትገጣጥም ዋጋው ይቀንስልሃል፣ የፈለግከውን ትመርጣለህ፣ ሲበላሽም የቱ ጋ እንደተበላሸ ታውቃለህ ይላሉ። ምክሩ በዚያ አገር ልክ ነው። ነገር ግን ከምክሩ በስተጀርባ ማንም የማይጠቅሰው አንድ ነገር ቆሟል፤ እርሱም የበሰለ ገበያ ነው። የተበላሸውን ዕቃ ተቀብሎ ገንዘብ የሚመልስ ሻጭ፣ በማግሥቱ ተተኪውን የሚያደርስ አከፋፋይ፣ የዋስትናውን ቃል የሚያከብር አምራች አለ። ምክሩን ወደ አገራችን ስናስገባ ገበያውን ግን አላስገባነውም።

ይህንን የተማርኩት በራሴ ላይ በደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምርምር ሥራዬ ኮምፒውተር ልገጣጥም ብዬ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ማዘርቦርዱን ከአንድ ሱቅ፣ ፕሮሰሰሩን ከሌላ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከሦስተኛ ገዛሁ። ገጣጥሜ ስጨርስ ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ለማወቅ አስተማማኙ ዘዴ አንድ ነው፤ ደኅና መሆኑ የታወቀ ሌላ ዕቃ በየተራ እየተኩ መሞከር። እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ማዘርቦርድና አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው። ሦስቱም ባለሱቆች «የእኛ ዕቃ እንከን የለበትም፤ ከሌላው የገዙትን ያስፈትሹ» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ እነርሱም ለአስመጪው የሚመልሱበት መንገድ የላቸውም። በመጨረሻ ሁለተኛ ማዘርቦርድ ገዛሁና ማሽኑ ተነሣ። እኔ ደመወዝተኛ ስለሆንኩ ኪሳራውን ቻልኩት። የእህቴ ልጅ ግን ሁለተኛ ማዘርቦርድ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም።

በዚህ ላይ የጊዜው ሁኔታ ይጨመርበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃውን በየወሩ እየለቀመ የሚገጣጥም ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ዋጋው ይሸሸዋል። ቆይቶ ሲጨርስም ዕቃው ላይገጥም ይችላል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤኤም 5 የተባለ መሰኪያ የቀድሞውን የኤኤም 4 ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ ራሙም ዲዲአር 5 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጨረሻ ወራት ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የራም ምርቱን እየጠቀለሉ በመውሰዳቸው ዋጋው በዓለም ዙሪያ ናረ። ማይክሮን የተባለው አምራች በዲሴምበር ወር ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች የሚያቀርበውን ንግድ እንደሚያቆም አስታወቀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በጅምላ የሚገዛው ፋብሪካ ከነጠላ ገዢው ይሻላል።

ስለዚህ መልሴ «ያለቀውን ግዛ» የሚል ሆነ። ከነማስጠንቀቂያው ግን ነው። ታላላቆቹ አምራቾች አንዳንዴ ለራሳቸው ብቻ የሚገጥም ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ስለሚጠቀሙ ነገ ሲቃጠል ተተኪው ከገበያ አይገኝም፤ መደበኛ መጠን ያለውን ምረጥ አልኩት። ሁለት መሆን የሚገባውን ራም አንድ ብቻ ሰክተው የሚሸጡ ስላሉ ሽፋኑን አስከፍተህ እይ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክልህ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ የእኛን 220 ቮልት መቀበሉን ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ አረጋግጥ። መብራቱ እየመጣና እየሄደ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመከላከልም ለስታቢላይዘርና ለዩፒኤስ የሚሆን ገንዘብ አስቀር።

ምክሬ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ያስጨነቀኝ ሌላው ግማሽ ነው። ለመሆኑ መገጣጠም በራሱ ዕውቀት ነውን?

የመንግሥታችን ፖሊሲ «አዎን» የሚል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን የኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ማበረታቻ እንመልከት። ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ የሚገባው ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ አልቆ የሚገባው 15 በመቶ እንዲከፍል ተደረገ። አቅጣጫውን አልቃወምም። ነገር ግን ሚዛኑ የሚመዝነው ዕቃው ወደብ ሲደርስ ምን ያህል እንደተፈታ እንጂ እኛ ከዕቃው ምን ያህል እንደተማርን አይደለም። ሺህ መኪና ገጥሞ የአንዲቱን ባትሪ ሕመም መለየት የማይችል ሠራተኛ ሊኖር ይችላል።

የከተማችን ታሪክም ይመሰክራል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ9 ወር ገደማ ተገንብቶ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ብዙው ሥራ ከውጭ የመጣን ጨርቅ ሰፍቶ መላክ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስታግደን፣ ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጨርቁም ገዢውም የሌላ ነበርና በእጃችን የቀረው መርፌው ብቻ ሆነ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላሉ አበው።

በተቃራኒው ደግሞ ሳይማሩ «ሁሉን እኔ ልገጣጥም» ማለትም አለ። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) የሕዳሴውን ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ያለ በቂ ልምድ ተረክቦ፣ በመዘግየቱ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ውሉ ተቋረጠበት። ልምድ ያላቸው የውጭ ኩባንያዎች ገብተው ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አንዱ ስህተት ሳይከፍቱ መግጠም፣ ሌላው ሳይማሩ መረከብ ነው። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ መማሪያ ቦታ ማጣት። የሚማር ሰው ያበላሻል። የሚያበላሸው ግን የአገር ግድብ ወይም የድኻ ጥሪት መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ እኔም ተጠያቂ ነኝ። በአንድ ወቅት በአባልነት በተመደብኩበት የግዥ ኮሚቴ፣ ሽፋናቸው ላይ «ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚል ማኅተም የተለጠፈባቸውን ኮምፒውተሮች አይቼ፣ መስፈርቱን አሟልተዋል ብዬ ፈርሜያለሁ። ማኅተሙን ማንም አልነካም፤ ተማሪም፣ መምህርም። ስለ ኮምፒውተር አደረጃጀት ፈተና አልፈው፣ ራም ከቦታው ነቅለው የማያውቁ ወጣቶችን አስመርቀናል። በሌላ በኩል በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ክፍል ያረጁ ኮምፒውተሮች ከመዝገብ እስኪሰረዙ ድረስ አቧራ ይጠጣሉ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እነዚህ አሮጌ ማሽኖች በቶሎ ከመዝገብ ተሰርዘው ለተማሪ ካቻቢቴ ይሰጡ። ይፈቱ፣ ይበላሹ፣ ይጠገኑ። ተተኪ እየሰኩ ጥፋቱን መለየት የሚቻልበት የመለዋወጫ መደርደሪያ በየትምህርት ተቋሙ ይኑር። በማበረታቻው ሚዛን ላይም ስንት ብሎን ተጠበቀ ከማለት ይልቅ ስንት ብልሽት እዚሁ ተጠገነ የሚለው ይጨመር።

የእህቴ ልጅ ያለቀውን ኮምፒውተር ገዛ። እኔም ንብረት ክፍል የማይፈልገውን የራሴን አሮጌ ማሽን፣ ያቺን ሁለት ማዘርቦርድ የበላችውን፣ ከነካቻቢቴው ሰጠሁት። «ጋሼ፣ ባበላሸውስ?» አለኝ። «እንድታበላሸው ነው የሰጠሁህ» አልኩት።

ቸር ይግጠመን።