ይበሰብሳል የተባለ ማሸጊያ የት ይበስብስ? የመልካ ጀብዱ ጥያቄ

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ የምትገኘው መልካ ጀብዱ በአንድ ወገኗ የፋብሪካ፣ በሌላው ወገኗ የከብትና የፍየል አርቢዎች መንደር ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኳ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና ሆኗል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሜዳ ግን ነፋስ ያመጣው ፌስታል በእሾህ ቁጥቋጦ ላይ የሚንጠለጠልበት የፍየል መሰማሪያ ነው። ፍየል የዋጠችው ፌስታል አይፈጭም፤ በጨጓራዋ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማችና የመኖውን ቦታ ይይዛል፤ እንስሳዋም የጠገበች እየመሰላት ትከሳለች። ምክንያቱ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ታርዳ ሆዷ ሲከፈት ነው። በዚህ ስፍራ የፕላስቲክ ቆሻሻ ከከተማ ውበት አልፎ የቤተሰብን ጥሪት የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

ሕግ አልጠፋም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ የማይበሰብስ ፌስታል የማምረቻም ሆነ የማስመጫ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፤ ለገበያ የሚቀርብ ከረጢት ሁሉ የሚበሰብስ ወይም የማይበሰብስ መሆኑ እንዲጻፍበትም አዝዞ ነበር። ለ18 ዓመታት ይህ ድንጋጌ ከነጋሪት ጋዜጣ ወደ ገበያ አልወረደም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከማምረት አንሥቶ እስከ መጠቀም ድረስ በቅጣት ከልክሏል።

ስለሆነም ዛሬ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ፌስታልን ምን ይተካዋል የሚለው ነው። ክልከላ በተጣለበት አገር ሁሉ «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ከረጢት ፈጥኖ ብቅ ይላል። በዚህ አንድ ቃል ሥር ግን ጨርሶ የማይመሳሰሉ ነገሮች ተጠቃለዋል። አንደኛው ቶሎ እንዲፈራርስ ቅመም የተጨመረበት ተራ ፕላስቲክ ነው። ይህ ዓይነቱ ወደ ደቃቅ ስብርባሪ ይለወጣል እንጂ ወደ አፈርነት አይመለስም፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከገበያ እንዲወጣ የወሰነውም በዚሁ ሳቢያ ነው። ሌላው ከስታርችና ከፖሊላክቲክ አሲድ የሚሠራው ነው። ኢ.ኤን. 13432 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ለዚህ ዓይነቱ ማሸጊያ በ6 ወራት ውስጥ 90 በመቶው እንዲበሰብስ ይጠይቃል፤ ፈተናው የሚካሄደው ግን እርጥበቱ በተጠበቀ ክምር ውስጥ፣ በ58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከዚህ ሁኔታ ውጭ ውጤቱ ሌላ ነው። በፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለብስባሽነት የተሠራ ከረጢት ከ27 ወራት በኋላ በአፈር ውስጥ ሳይጠፋ ተገኝቷል፤ «በተፈጥሮ ይበሰብሳል» የተባለው ሌላ ከረጢት ደግሞ ከ3 ዓመት በኋላም ዕቃ ይሸከም ነበር።

ድሬዳዋ ሞቃት ናትና መበስበሱ ይፈጥናል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ አማካይ ሙቀቷ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የዓመት ዝናቧም 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለረቂቅ ሕዋሳት ሥራ የሚጎድለው በዋነኛነት ውኃው ነው። በደረቅ እሾህ ላይ የተሰቀለ ውድ ከረጢት እንደ ርካሹ ሁሉ እዚያው ይውላል፤ ፍየልም የታተመበትን ጽሑፍ አታነብም።

ለአካባቢው የሚበጀው ምትክ ከውጭ የሚመጣ ላይሆን ይችላል። ጫት ከተቀነጠሰ በኋላ እርጥበቱን ካጣ ዋጋውም ይወድቃል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ቅመም ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣልና። ነጋዴው በሙዝ ቅጠል ወይም በሌላ እርጥብ ቅጠል ይጠቀልለው የነበረው ስለዚህ ነው። ፌስታል ቅጠሉን የተካው እርጥበት በመያዝ በልጦት ሳይሆን በዋጋው ርካሽነትና ሁልጊዜ በመገኘቱ ነው። ቅጠሉ በየቀኑ መቆረጥ፣ መታጠብና መድረስ አለበት። ይህ የአቅርቦት ችግር ስለሆነ በአቅርቦት ሥራ ይፈታል፤ አዲስ ኬሚስትሪ አይጠይቅም። በቀፊራ ገበያ ለሚሸጠው አትክልት ደግሞ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት አሉ። እነዚህን እንደ ኋላ ቀር ነገር መቁጠር ከፌስታል ጋር የመጣ ልማድ ነው።

ቅጠሉም ቢሆን መጨረሻው ታስቦ መሰብሰብ አለበት። እዚህ ላይ ድሬዳዋ አንድ ሀብት አላት፤ ገራባ። ከጫት የሚተርፈው ግንድና ቅጠል በየበሩ ይጣላል። እንጨትነት ያለው ገራባ ካርቦኑ ይበዛል፤ የፍየል በጠጥ ናይትሮጅን ያክልለታል። ገራባው ተከትክቶ፣ የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔው ከ25 እስከ 30 ለ1፣ እርጥበቱም ከ50 እስከ 60 በመቶ ከተጠበቀ፣ ቢያንስ 1 ሜትር ኩብ የሚያህል ክምር ሙቀቱን ራሱ ይፈጥራል። መልካ ጀብዱ ለዚህ የተመቸች ናት፤ ጥሬ ዕቃው ቅርብ ነው፤ ሰፊ ቦታ አለ፤ ፍየሉም እዚያው ነው። በነጻ ቀጣናው የሚበሰብስ ማሸጊያ ለማምረት የሚመጣ ባለሀብት ቢኖር እንኳ ፈቃድ ሲሰጠው የአውሮፓን ማረጋገጫ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ምርቱ በዚህ በገራባና በበጠጥ ክምር ተፈትኖ ማለፍ ይኖርበታል።

ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም። ክልከላው መጀመሪያ የሚያገኘው በመንገድ ዳር ጫትና ቲማቲም የምትሸጠውን ሴት ነው። ከቅጣቱ ጋር የቅጠል ማከፋፈያ ካልቀረበላት፣ ፌስታሉ ከመደቡ ላይ ወርዶ ከመደቡ ሥር ይገባል እንጂ አይጠፋም። የቅጠል ማቅረቡ ሥራ ለወጣት ማኅበራት ቢሰጥ፣ ዋጋውም በመጀመሪያዎቹ ወራት በከተማ አስተዳደሩ ቢደጎም፣ አስተዳደሩ ፌስታል ከቱቦና ከደረቅ ወንዝ ለማስጠረግ ከሚያወጣው ገንዘብ ጋር ሊነጻጸር የሚችል ወጪ ነው። ንጽጽሩን በቁጥር ማሳየት ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የተመጠነ ሥራ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሊመለስ የሚገባው ከበድ ያለ ጥያቄ አለ። በኢትዮጵያ ጫት ላይ የተካሄዱ ምርመራዎች ዲዲቲን ጨምሮ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አግኝተዋል። ዲዲቲ በክምር ሙቀት በቀላሉ የሚጠፋ ነገር አይደለም። የገራባ ብስባሽ ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት በድሬዳዋ ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ መመርመር አለበት፤ ቅሪቱ ከፍ ብሎ ከተገኘም ብስባሹ ለችግኝና ለጥላ ዛፍ እንጂ ለሰላጣና ለቲማቲም መደብ አይውልም።