ሦስተኛው ቀዳዳ

ክረምት በገባ ቁጥር በየመኝታ ቤታችን የማይጠፋ ወሬ ቢኖር «የእገሌ ኮምፒዩተር ተቃጠለ» የሚለው ነው። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን ያጣው በዚሁ ነው። መብረቅ እንኳ አልወደቀም ነበር፤ መብራት ሄዶ ተመልሶ መጣ፣ ከዚያ ወዲያ መሣሪያው አልበራም። እኛም እንደ ልማዳችን አዘንን፣ ሻይ ጠጣን፣ ተለያየን።

እርግጥ ነው፣ መብረቅ መስመሩን በሩቅ ቢመታም ግፊቱ ሽቦውን ተከትሎ ይመጣል። ነገር ግን ሌላው ጠላት ከሰማይ አይደለም። በባለሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል የተባለው የጋራ ሽቦ የተበጠሰ እንደ ሆነ፣ 220 ቮልት ይሰጥ የነበረው ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ለዚህ የሚበጀው ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው።

እኛ ግን ቀይ መብራት ያላት ዲቫይደር ገዝተን ተማምነን እንተኛለን። መብራቷ የምትናገረው ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ ነው። ፊውዝም ቢሆን ሽቦው ግሎ እሳት እንዳያስነሣ የተሠራ ነው እንጂ፣ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች የሚያልፈውን የመብረቅ ግፊት አይቀድምም። ያንን የሚከላከለው ቫሪስተር የተባለው ዕቃ ነው፤ እርሱም ትርፉን ኃይል በተለይ ወደ መሬት ሽቦ ያፈሳል፣ በየምቱም እየደከመ ይሄዳል።

እንግዲህ የመሬት ሽቦ በሌለበት ወዴት ያፍስሰው? ከመኝታ ቤቶቻችን ሶኬቶች የስንቱ ሦስተኛ ቀዳዳ በእውነት ከመሬት ጋር ተገናኝቷል? ለነገሩ እኛም ንጹሕ አይደለንም፤ ያንኑ ቀዳዳ በእስክሪብቶ ገፍተን ባለ ሁለት እግሩን የምንሰካ ብዙዎች ነን።

ስለዚህ ማኅበራችን የጥገናውን ክፍል ከመጪው ክረምት በፊት ሶኬቶቹን እንዲያስለካ ይጠይቅልን። የኢንጂነሪንግ መምህሮቻችንም ፈቃዳቸው ቢሆን፣ ልኬቱን እነርሱ እየተቆጣጠሩ ለተማሪዎቻቸው ልምምድ ቢያደርጉት እናመሰግናለን።

እስከዚያው ድረስ እናቶቻችን ሰማዩ ሲጠቁር «ራዲዮኑን ንቀሉት» የሚሉትን እንስማ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል የሚሉትን እንተወውና፣ ይህኛው ምክራቸው ከተገዛ መሣሪያ ሁሉ ይበልጣል፤ በቀጥታ የወረደ መብረቅ በአሥር ሺሕዎች አምፔር የሚቆጠር ስለሆነ ዲቫይደር አይመልሰውም። ነገር ግን የሚነቀለው ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ነው፤ የዲሹም ገመድ አብሮ ይነቀል።

ጽሑፉ የጠፋበት ጓደኛችን እንደገና ጀምሮ አሁን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሷል።