መለዋወጫ ዕቃ በዓይን ወይስ በቁጥር?

ከመኪናው አንድ ክፍል የተበላሸበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው። አሮጌውን ዕቃ ያስፈታል፤ በፌስታል ቋጥሮ ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይወስደዋል። ሻጩ ዕቃውን አገላብጦ ያይና የሚመስለውን ከመደርደሪያ ያወርዳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይተያያሉ፤ ግዢውም ይፈጸማል። ይህ አሠራር የብዙ ዓመት ልምድ ያለውን ዓይን የሚጠይቅ ስለሆነ አንንቀውም። ይሁን እንጂ መመሳሰል የመግጠም ዋስትና አይደለም፤ መግጠምም ቢሆን ዕቃው ትክክለኛ ስለመሆኑ በቂ ማስረጃ ሊሆን አይችልም እንላለን።

አንድን ዕቃ በሌላ የመተካት ሐሳብ የተመሠረተው በመልክ ላይ ሳይሆን በልክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዝ አገር፣ ብሩክላንድስ በተባለው የእሽቅድምድም ሥፍራ፣ ሦስት የካዲላክ አውቶሞቢሎች ተፈታትተው ክፍሎቻቸው እንዲደባለቁ ተደረገ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከመጋዘን በወጡ አዳዲስ ክፍሎች ተተኩ። መኪኖቹ እንደገና ተገጣጥመው እያንዳንዳቸው 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተነዱ። በዚያ ዘመን ክፍሎችን እያንዳንዳቸውን በሞረድ አስተካክሎ መግጠም የተለመደ ነበርና ውጤቱ ብዙዎችን አስደነቀ። ዛሬ የመለዋወጫ ካታሎግ የምንለው ሰነድ የዚሁ የልክ ሥርዓት መዝገብ ነው።

ናሙና ይዞ የመሄድ ዋነኛ ጉድለት ናሙናው ራሱ ያለቀ መሆኑ ነው። የተበላ ዕቃ የቀድሞ ልኩን አይናገርም። ከዚህም ሌላ የብረት ጥንካሬና የሙቀት መቋቋም ችሎታ በዓይን አይታዩም። ለምሳሌ የፍሬን ሸራን እንውሰድ። በበርካታ ሸራዎች ጠርዝ ላይ የሰበቃን መጠን የሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማሉ፤ የመጀመሪያው በመደበኛ ሁኔታ፣ ሁለተኛው በጋለ ጊዜ ያለውን ይገልጻል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45 ማለት ነው። ቅርጻቸው ፍጹም አንድ የሆነ ሁለት ሸራዎች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱ በከተማ መንገድ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ለሚወርድ የጭነት መኪና ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ካታሎግን ማንበብ የሚከብድ ጥበብ አይደለም። መነሻው የሻንሲ ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት ፊደላት አይገቡበትም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ደግሞ የሞዴል መለያና ተከታታይ ቁጥር የያዘ አጠር ያለ ምልክት አላቸው። በዚህ ቁጥር የመኪናው ዓይነትና የተመረተበት ጊዜ ከታወቀ በኋላ ወደ ሥዕሉ ይኬዳል። ሥዕሉ እያንዳንዱ ክፍል ከቦታው ተነቅሎ፣ በሚገጠምበት ቅደም ተከተል ተዘርግቶ የሚታይበት ነው። ከክፍሉ አጠገብ ያለው ቁጥር ወደ ሠንጠረዡ ይመራል፤ ሠንጠረዡም የዕቃውን መለያ፣ ብዛቱንና የሚያገለግልበትን የምርት ዘመን ይነግረናል። ቀኝና ግራ የሚባሉት መሪ ይዞ ከተቀመጠ ሾፌር አንጻር መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

መለያ ቁጥሮቹም ትርጉም አላቸው። በቶዮታ አሠራር የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ያመለክታሉ፤ 04465 የፊት ፍሬን ፓድ፣ 90919 ደግሞ ካንዴላ የሚገኝበት ምድብ ነው። ኩሽኔታ ላይ 6205 ተጽፎ ብናገኝ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በአምስት ስናባዛ 25 እናገኛለን፤ የውስጥ ቀዳዳው ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ከ04 ጀምሮ ላሉት የተለመዱ ቁጥሮች ስሌቱ ይሠራል።

እርግጥ ነው፣ ካታሎግም ወሰን አለው። ሞተራቸው የተቀየረ ወይም መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች በአገራችን መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ለእነዚህ የሻንሲ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የሞተሩም ቁጥር መታየት አለበት። በካርቶን ላይ የታተመ ቁጥርም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ የባለሙያውን ዓይን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል፤ ያሉትን መኪኖች ጠብቆ ማቆየት ግድ ይሆናልና። የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ ያለ ካታሎግ አይጠገኑም። በመሆኑም የቴክኒክ ማሠልጠኛዎች ካታሎግ ማንበብን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው እንዲሰጡ እንጠይቃለን። የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎችም የድርሻቸውን ሊወጡ ይችላሉ። መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወርሰው የሚጠቀሙባቸውን እንደ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ኩሽኔታ ያሉ ስሞች ከካታሎጉ መጠሪያዎች ጋር የሚያገናኝ የአማርኛ መፍቻ ቢያዘጋጁ፣ ጋራዡንና መጽሐፉን ማቀራረብ ይቻላል። በፌስታል ተቋጥሮ ወደ ገበያ ከሚሄደው አሮጌ ዕቃ ጋር በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ የሻንሲ ቁጥር አብሮ ቢሄድ፣ መልካም ጅምር ነው።